መለኪያ ሆኖ የኖረ ደም

በቤተሰብ «እታባ»፣ በሥራ ቦታ ደግሞ «እመት ቢንቢ» እየተባሉ ይጠሩ የነበሩት እህታችን ከሰዓት ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1949 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱትም ከአባታቸው ሱቅ ጀርባ በነበረች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ከወዲህ የሰዓቶቹ ቀጭ ቀጭ፣ ከወዲያ የስፌት መኪናው ኳኳታ ስለማይቋረጥ፣ እናታቸው «ይቺ ልጅ ዝም ያለ ቤት ካየች ሰው የሞተ ይመስላታል» ይሉ ነበር። አባታቸው የእጃቸውን እርጋታ አይተው ገና በልጅነታቸው የሰዓት ብሎን በወረንጦ ያስለቅሟቸው ነበር። ኋላ ለገቡበት ሥራ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አልነበረም።

የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው በድንገት አረፉ። ታናሽ እህታቸው ያን ጊዜ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። አባታቸው ደግ ሰው ቢሆኑም የሴት ልጅ ጠጉር ማበጠር የሚሆንላቸው አልነበረም። ስለዚህ ማበጠሩም፣ የጫማ ክር ማሰሩም፣ ሌሊት ሲቃዡ ተነሥቶ ማባበሉም የታላቂቱ ሥራ ሆነ። ታናሺቱ እስከ ዛሬ «እናት ሲባል ፊቴ ላይ ድቅን የሚልብኝ የእታባ ፊት ነው» ይላሉ። ይህን አስቀድመን መናገራችን ኋላ የምንናገረው ነገር ክብደቱ እንዲታወቅልን ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በማታው ክፍለ ጊዜ አጠናቀው በ1970 ዓ.ም. በሕክምና ላቦራቶሪ ሙያ በዲፕሎማ ተመረቁ። በምረቃው ፎቶግራፍ ላይ ዓይናቸው ግማሽ ተከድኖ ይታያል። እርሳቸው «ብልጭታው ነው» ቢሉም እንቅልፍ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ድካም የሕይወት ዘመን ጓደኛቸው ነበር፤ ሆኖም «ደክሞኛል» የሚል ቃል ከአፋቸው የሰማ የለም። ቢበዛ ከሁለት ቀን በኋላ «ባለፈው ደክሞኝ ነበር» ይሉ ነበር።

በ1971 ዓ.ም. በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ ባለ ላቦራቶሪ ተቀጠሩ። የክፍሉ መስኮት ከእግረኛ መንገዱ እኩል ስለነበረ ከውጭው ዓለም የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። ሴንትሪፉጁ ደም ለመለየት በተሽከረከረ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ እየተራመደ ያስቸግር ስለነበር አንድ ሰው እንደ ልጅ አቅፎ ይይዘው ነበር። ፍሪዘሩ አርጅቷል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር በውስጡ ያለው ሁሉ ይቀልጣል። በጓሮ ደግሞ በግ ነበረች።

ስለ በጓ መናገር ግድ ይላል። በጓ ለምርመራ የሚሆን ደም የምትሰጥ፣ ቀለብ የተቆረጠላት፣ መጠለያ የተሠራላት፣ ቢላዋ የማይደርስባት የሆስፒታሉ ባልደረባ ነበረች። ከጡረታ በቀር የጎደለባት ነገር አልነበረም።

በሰው ደም ውስጥ ኮምፕሊመንት የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። ጀርም ሲገባ አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ ተያይዘው ይነሡና የጀርሙን ገላ ይበሱታል። እንደ ሉፐስ ባሉት በሽታዎች ግን ሰውነት የገዛ አካሉን እንደ ጠላት ማየት ይጀምራል። ያን ጊዜ እነዚህ ፕሮቲኖች በገዛ ቤታቸው ላይ ተነሥተው በዚያው ያልቃሉ። እታባ ለልጆቻቸው ሲያስረዱ «ማገዶው ከጎደለ የሆነ ቦታ እሳት እየነደደ ነው ማለት ነው» ይሉ ነበር። ጉድለቱን ለማወቅ የበጓ ቀይ የደም ሕዋሳት ይዘጋጁና ከታማሚው ሴረም ጋር፣ ማለትም ደም ሲረጋ ከላይ ከሚቀረው ቢጫ ፈሳሽ ጋር፣ በቱቦ ይደባለቃሉ። ፕሮቲኖቹ በበቂ ካሉ የበጓን ሕዋሳት ያፈነዷቸዋል፤ ፈሳሹም ጥርት ብሎ ይቀላል። ካለቁ ግን ሕዋሳቱ ሳይነኩ ቱቦው ሥር እንደ አተላ ይዘቅጣሉ። ደም ቀይ ሆኖ ሲታይ ደስ የሚላቸው ሰዎች እኒህ የላቦራቶሪ ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ታዲያ «በቂ» የሚባለው ከማን ጋር ተነጻጽሮ ነው? ለዚህ ሲባል የጤነኛ ሰው ሴረም አብሮ ይሠራና የታማሚው ውጤት ከእርሱ ጋር ተመዝኖ በመቶኛ ይጻፋል። ደንቡ የብዙ ጤነኞች ሴረም ተቀላቅሎ መለኪያ እንዲሆን ነበር። በመጀመሪያ ሠራተኛው ሁሉ ክንዱን ይሰጥ ነበር። እየዋለ እያደረ አንዱ ደም አነሰኝ አለ፣ አንዷ አረገዘች፣ አንዱ ተዛወረ። የቀሩትም መርፌ ሲያዩ ስብሰባ ትዝ ይላቸው ጀመር። ፍሪዘሩ ግን መቅለጡን አልተወም፤ በቀለጠ ቁጥር አዲስ ደም ያስፈልጋል። በመጨረሻ «እኔው አለሁ አይደል፤ ምን ሰው ያስለምናል!» ብለው እጅጌያቸውን የሚሰበስቡት እርሳቸው ብቻ ሆኑ። አለቃቸውም ባልደረቦቻቸውም ያውቁ ነበር፤ ሁሉም ተገላገልኩ ብሎ ዝም አለ። ለዓመታት በዚያ ሆስፒታል «ጤነኛ» ማለት እርሳቸው ነበሩ።

በ1975 ዓ.ም. ከጂኦግራፊ መምህሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው ቀልድ አዋቂ ናቸው። «ደሟን ለሆስፒታሉ፣ ሐሳቧን ለእህቷ፣ እንቅልፏን ለልጆቿ ሰጥታ ለእኔ የምትተርፈኝ ቁጣዋ ብቻ ናት» ይሉ ነበር። ቁጣቸውም ቢሆን ብዙ አልነበረም፤ ለመቆጣትም ጉልበት ያስፈልጋል።

በ1979 ዓ.ም. ታናሽ እህታቸው ፊታቸው ላይ ሽፍታ ወጥቶ፣ መገጣጠሚያቸው አብጦ ታመሙ። ሕመሙም ሉፐስ ሆኖ ተገኘ። ደማቸው ወደዚያ ምድር ቤት ሲወርድ የሚሠሩት እታባ ነበሩ፤ «የእህቴን ቱቦ ሌላ ሰው አይነካውም» ብለው ነበርና። የመጀመሪያዎቹ ቱቦዎች ዘቀጡ። መድኃኒቱ ሲለመድ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየቀሉ መጡ። በ1983 ዓ.ም. ታናሺቱ አገቡ። ልጅ ለመውለድ ያላቸውን ጉጉት ለማንም አልደበቁም፤ የሚከታተሏቸው ዶክተርም «በሽታው ተኝቶ ይቆይልን እንጂ ይቻላል» ብለዋቸው ነበር። እታባም ለሚወለደው ልጅ ሹራብ መሥራት ጀምረው ነበር።

በ1985 ዓ.ም. ያቺ ባለውለታ በግ አርጅታ ሞተች፤ የሆስፒታሉ ዘበኛም ሌላ ገዝተው አመጡ። በዚያው ሰሞን የእታባ ጣቶች ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ይሉ ጀመር፤ የቱቦ ክዳን መክፈት አቃታቸው። ጠጉራቸው በማበጠሪያ እየተያዘ ይወጣ ነበር። ባለቤታቸው «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ፤ አንድ ቀን እንኳ ለራስሽ ተመርመሪ እንጂ» ሲሏቸው፣ «ሁለት ልጅ ያላት ሴት ደከመኝ ብላ ሐኪም ቤት ትሄዳለች?» ብለው አለፉት።

መለኪያው ቱቦ፣ ማለትም የእርሳቸው የራሳቸው ሴረም ያለበት ቱቦ፣ እንደ ድሮው መቅላት አቆመ። እርሳቸው ግን ያሙት አዲሷን በግ ነው። የአንዱ በግ ሕዋስ ከሌላው ይልቅ ጠንካራ ሊሆን እንደሚችል የሙያው ሰው ሁሉ ያውቃል። ይህ እውነት ነው፤ ያሳሳታቸውም እውነት መሆኑ ነው። «አዲሷ በግ ደንዳና ናት» እያሉ የራሳቸው ቱቦ እንደ ቀድሞው እስኪቀላ ድረስ የበጓን ሕዋሳት ቁጥር እየቀነሱ ያሳሷቸው ጀመር። ሕዋሳቱ ሲሳሱ የታማሚዎቹም ቱቦ ሁሉ አብሮ ቀላ። መለኪያው እየወረደ ስለነበር የሚለካው ሁሉ ከፍ ያለ መሰለ።

በዚያ ዓመት ታናሺቱ አንድ ቀን ወደ ምድር ቤቱ ወርደው «እታባ፣ እግሬ አብጧል፤ ጫማዬ እንኳ አልገባ ብሎኛል» አሏቸው። እታባም «ደምሽን እኔ ራሴ ነኝ ያየሁት፤ ዘጠና አምስት ነው። ሙቀቱ ይሆናል፣ እግርሽን ሰቀል አድርገሽ ተኚ» ብለው ሸኟቸው። የሽንት ምርመራው ጥቂት ፕሮቲን ቢያሳይም፣ ደሙ ደህና ነው ስለተባለ ትንሽ እንየው ተባለ። እንዲያውም መድኃኒታቸው ተቀነሰ፤ ለእርግዝናው ዝግጅት ነው ተብሎ ቤተሰቡ በሙሉ ተደሰተ። ውኃ ሲወስድ አሳስቆ ነው።

በ1986 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዶክተሩ ራሳቸው ደረጃውን ወርደው መጡ። «ታማሚዎቼ በወረቀት ላይ እየዳኑ አልጋ ላይ እየባሰባቸው ነው። እስቲ አብረን እንየው» አሉ። እታባ ቅር አላቸው። «በጓ ናት፤ እርሷንም አስተካክያታለሁ» ሲሏቸው ዶክተሩ በእርጋታ «እስቲ ለዛሬ በጓን እንተዋትና ሌላ ጤነኛ ሰው እንሞክር» አሉ። በአቅራቢያው የተገኘው ጤነኛ ሰው ዘበኛው ነበሩ።

ዘበኛው መርፌ ሲያዩ የሚሸሹ ሰው ናቸው። «በጓን የምገዛው እኔ፣ የምቀልባት እኔ፣ አሁን ደግሞ በእሷ ፈንታ የምወጋውም እኔ!» እያሉ ክንዳቸውን ሰጡ። የእርሳቸው ሴረምና የእታባ ሴረም ጎን ለጎን፣ በአንዲቷ በግ ሕዋሳት ተሠራ። ሕዋሳቱ በዚህ ጊዜ አልሳሱም። የዘበኛው ቱቦ ጥርት ብሎ ቀላ። የእታባ ቱቦ ሥሩ ላይ ዘቀጠ።

ሁሉም ዓይኑን ቱቦዎቹ ላይ ስለተከለ ዘበኛው ደንግጠው «ምነው? ልሞት ነው እንዴ?» አሉ።

እታባም «አይ ጋሼ፣ እርስዎስ ደህና ነዎት። የታመምኩት እኔ ነኝ» አሉና እንደ ልማዳቸው ቱቦዎቹን ወደ ማስቀመጫቸው መለሱ። ከዚያ በኋላ ነው ወንበር የፈለጉት። በሽታው እንደ እህታቸው ሁሉ ሉፐስ ነበር፤ በአንድ ቤት ሲደጋገም የሚታይ በሽታ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ሐኪሞቹና ሠራተኞቹ በተሰበሰቡበት ቆመው ተናገሩ። «መለኪያው እኔ ነበርኩ፤ መለኪያው ታሞ ነበር። ራሴን መጠርጠር ሲገባኝ በጓን ጠረጠርኩ። አዲሷ በግ ከገባች ወዲህ ደህና ናችሁ ያልኳቸው ሰዎች ሁሉ ተመልሰው ይታዩ» አሉ። አለቃቸው ብድግ ብለው «ጥፋቱ የሁላችንም ነው» ቢሉ፣ «የሁላችንም የሆነ ጥፋት የማንም አይሆንም፤ ለእኔ ይሁን» ብለው ተቀመጡ። በዚያን ሳምንት ታማሚዎቹ በየቤታቸው እየተፈለጉ ተጠሩ። አብዛኞቹ በጊዜ ተደርሶላቸው መድኃኒታቸው ተስተካከለ።

ለታናሺቱ ግን ዘገየ። ኩላሊታቸው ክፉኛ ተጎድቶ ለወራት ሆስፒታል ተኙ። ሕይወታቸውን ያተረፈላቸው ከባድ መድኃኒት ልጅ የመውለድ ተስፋቸውን ይዞ ሄደ። እታባ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው የሆነውን ሁሉ ሳይሸሽጉ ነግረዋቸው ይቅርታ ጠየቁ። እህታቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው «የገዛ እግሬ የነገረኝን ትቼ አንቺን አመንኩ» አሉ። ያ ጅምር ሹራብ ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ አልታየም።

እታባ የራሳቸውን ሕክምና ጀምረው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከዚያን ቀን ወዲያ የእርሳቸው ደም ለመለኪያ አልገባም፤ የአሥር ሰው ሴረም ካልተቀላቀለም ምርመራ አይጀመርም አሉ። አሥር ሰው ለማግኘት ሾፌሩንም፣ ጸሐፊዋንም፣ ሒሳብ ሹሙንም በየኮሪደሩ ያድኑ ነበር። ሲሪንጃቸውን በኪሳቸው ይዘው ብቅ ሲሉ ሰው ከመንገዱ ይመለሳል። «እመት ቢንቢ» የተባሉት ያን ጊዜ ነው። ስሙን ሲሰሙ አይቀየሙም ነበር። የበጉ ዘመን አልፎ ማሽኑ ሲመጣም ለወጣቶቹ «ማሽኑንም ጠርጥሩት፤ አስቀድማችሁ ግን ራሳችሁን» ይሉ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ።

ሁለቱ እህትማማቾች ሠላሳ ዓመት ያህል በአንድ ክሊኒክ፣ በአንድ ቀን ቀጠሮ፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን እየተቀመጡ ተራቸውን ጠበቁ። አንዷ ሲያማት ሌላዋ መድኃኒት ትወስድላታለች። ይነጋገራሉ፣ ይቀላለዳሉ፣ በሐኪሙ መዘግየት ያማርራሉ። ያንን ነገር ግን አያነሡም። ባለቤታቸው «ለምን ደግመሽ አትጠይቂያትም?» ቢሏቸው፣ «ይቅርታ አንዴ ይጠየቃል፤ ደጋግሞ መጠየቅ ግድ ይቅር በይኝ ማለት ነው» ብለው መለሱላቸው። በዚህ ምክንያት ስንት ሌሊት ሳይተኙ እንዳነጉ ባለቤታቸው ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ሌሎቻችን ድካማቸውን ከበሽታው ብቻ አድርገን ቆጠርነው።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ልባቸውና ኩላሊታቸው ደከመ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እህታቸው ከአጠገባቸው አልተለዩም። አንድ ከሰዓት በኋላ ያበጠ እግራቸውን እያሹላቸው ሳለ፣ እታባ ዓይናቸውን ገልጠው «ሳልሰማው ልሄድ ነው?» አሉ።

«ምኑን?»

«ይቅር ብለሽኝ እንደሆነ።»

እህታቸው እጃቸውን ከእግራቸው ላይ አነሡ። «እታባ ሙች! ይቅር ያልኩሽ እኮ ገና ከሆስፒታል በወጣሁ በዓመቱ ነው።»

«አልነገርሽኝም።»

«ይነገራል እንዴ ይሄ? ስንት ዓመት አብረን ስንቀመጥ፣ መድኃኒቴን ከእጅሽ ስውጥ አላወቅሽም?»

እታባም «ይመስለኝ ነበር። በመሰለኝ አንዴ ሄጄ ያደረግሁሽን ታውቂያለሽ» አሉ።

ታናሺቱ ያን ጊዜ ያለቀሱት ለቅሶ በሽታው ተገኝቶባቸውም፣ ልጅ አትወልጂም ተብለውም ያላለቀሱት ነው። «ይቅር ብዬሻለሁ። ሰማሽኝ? ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ። እታባ «ሰማሁ» ብለው ዓይናቸውን ከደኑ፤ እስከ ማግሥቱ ረፋድም ሳይነቁ ተኙ።

እህታችን በተወለዱ በ67 ዓመታቸው፣ የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና እህታቸው ባሉበት በቤታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ታናሽ እህታቸውን ትተው ሄደዋል። አስታማሚ ሐኪሞቻቸውን፣ ክንዳቸውን የሰጧቸውን የሥራ ባልደረቦቻቸውን፣ በዚህ የተገኛችሁትን ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

ይህ ታሪክ ሲዘጋጅ የ1986ቱ ነገር ባይነሣ ይሻላል ያልን ነበርን። ታናሽ እህታቸው ግን አልተስማሙም። «ጥፋቷን ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ቆማ ተናገረች፤ ይቅርታዬን ግን በጓዳ፣ ያውም ሠላሳ ዓመት ዘግይቶ ሰማች። ይሄ ልክ አይደለም። እኔ እንዳልናገረው ድምፄ አይወጣም፤ አንብቡልኝ» አሉ። ስለዚህ ዛሬ በእናንተ ፊት፣ በእርሳቸው ስም እናነባለን፦

«እታባ፣ አሳድገሽኛል። አንድ ጊዜ ተሳስተሽብኛል። ይቅር ብዬሻለሁ፤ ይህን ሁሉም ሰው ይስማልኝ።»

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ይህንንም ሰምታ ትረፍ።